የቅዳሜ ንባባችን የፈተና ክፍል ሆነብን

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ከተባለው ሰፈራችን ነው። አርባዎቹን የጀመርኩ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት የምተዳደር ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ልብ ወለድ ብዙም አይስበኝም፤ የምወደው ታሪክን፣ ግለ ታሪክን፣ የጉዞ ማስታወሻን፣ ስለ እንስሳትና ስለ ሰው አካል የተጻፉ መጻሕፍትን፣ ባጭሩ በእውነት የሆነውንና ያለውን የሚነግሩኝን ነው። ይህን ፍቅር የሚጋሩኝ ሰዎች አግኝቼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በእኔ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን መገናኘት ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል።

ልማዳችን ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ካነበበው ውስጥ የገረመውን አንድ ነገር ያካፍላል፤ ቀጥሎም በዚያው ሳምንት ልቡን ደስ ያሰኘውን ትንሽ ነገር ይናገራል። አንዷ ጓደኛችን ነርስ ስትሆን ስለ ደምና ስለ ልብ ያነበበችውን አጣፍጣ ትነግረናለች። መጋላ ውስጥ ሱቅ ያለው ጓደኛችን ደግሞ የድሮ ተጓዦች ስለ ዘይላና ስለ ሐረር የጻፉትን እያፈላለገ ያመጣል። በዕድሜ የሚበልጡን ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ዓይናቸው ስለደከመ አሁን እንደ በፊቱ አያነቡም፤ ድሮ ካነበቡት፣ ከአባታቸው ከሰሙትና በሥራ ዘመናቸው ካዩት እየቆነጠሩ ያካፍሉናል። ትንሽ ደስታቸውን ሲናገሩማ ሁላችንም ስኒያችንን አስቀምጠን ነው የምንሰማቸው። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው የሱቅ ማስታወቂያ ጮክ ብላ ስታነብ መስማታቸውን፣ ሌላ ቀን ደግሞ ለዓመታት ቆሞ የነበረ የኪስ ሰዓታቸው በድንገት መሥራት መጀመሩን ነግረውናል።

ከጥቂት ወራት በፊት ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት መምህር ተቀላቀለን። ሳቢያን በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል፤ የጋበዝኩትም እኔ ነኝ። ልጁ ጨዋና ጠንቃቃ አንባቢ ነው፤ የመጽሐፉን ገጽ ምልክት አድርጎ፣ ዓመተ ምሕረቱን በወረቀት ጽፎ ይመጣል። ነገር ግን ስሕተት መስሎ የታየውን ሁሉ እዚያው ያርማል። ትንሽ ደስታው ሲጠየቅ ደግሞ «እኔ የለኝም፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ» ይላል።

ነገሩ የፈነዳው ጋሼ ባቡሩ ስለምን ሐረር ሳይወጣ እንደቀረ ሲያጫውቱን ነው። አባታቸው እንደነገሯቸው የሐረር ታላላቆች «ይህ እሳት የሚተፋ ብረት ወደ ከተማችን አይጠጋም» ብለው ስለከለከሉ ነው ባቡሩ ከተራራው ሥር የቀረው። መምህሩ ሳያስጨርሳቸው «ይቅርታ ጋሼ፣ ይኼ ተረት ነው» አለና መጽሐፉን ገልጦ፣ ምክንያቱ የተራራው አቀበትና የገንዘብ ወጪው መሆኑን አነበበልን። ከዚያም «ይኸው ያንብቡት» ብሎ መጽሐፉን ዘረጋላቸው። ጋሼ «መጽሐፍ ካለ እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉና በረካው ሳይቀዳ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ስልክ ስደውልላቸው «እግሬን አሞኝ ነው» ይሉኛል፤ ጠዋት ጠዋት ግን በኒም ዛፎቹ ጥላ ሥር ሲራመዱ ያዩዋቸው ሰዎች ነግረውኛል።

የቀረነውም እንደ በፊቱ አይደለንም። ሰው ሁሉ ከመናገሩ በፊት መምህሩን በዓይኑ ይፈልጋል። ባለ ሱቁ ጓደኛችን ባለፈው «ዛሬ አድማጭ ነኝ» ብሎ ዝም አለ፤ ነርሷም ደስታዋን ስንጠይቃት «የእኔ ትንሽ ነገር ናት፣ ትቅር» አለች። ባለቤቴ «ልጁን በሰላም አሰናብቺው» ይለኛል። እኔን የጨነቀኝ ግን ልጁ የተናገረው እውነት መስሎ ስለሚታየኝ ነው። እውነት የሆነውን ማንበብ እወዳለሁ እያልኩ እውነት ሲነገር እንዴት ይከፋኛል? ጋሼንስ ሳልዋሻቸው እንዴት አድርጌ ልመልሳቸው? ወይስ ነገሩ ሳይብስ ስብሰባውን ልዝጋው?

ባለበረንዳዋ፣ ከድሬዳዋ


ውድ እኅቴ ባለበረንዳዋ፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት መምህሩ መጽሐፉን ዘርግቶ «ይኸው ያንብቡት» ያለበትን መስመር ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ደግሞ የጋሼ ዓይን መድከሙን ጽፈሻል። እኔ በቦታው ስላልነበርኩ የማቀርበው ግምት ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ጋሼን የጎዳቸው መታረማቸው ነው ትያለሽ ወይስ የተዘረጋላቸውን ገጽ ማንበብ አለመቻላቸው በሰው ሁሉ ፊት ሊገለጥ መቃረቡ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያነቡ የኖሩ፣ የባቡር ሰዓትና የጭነት ሰነድ በእጃቸው ሲያልፍ የኖረ ሰው፣ ፊደሉ እንደ ጭጋግ ሲሆንባቸው «አይታየኝም» ከማለት ይልቅ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው መነሣት ቢቀላቸው አይገርምም። መምህሩ ይህን አስቦ እንዳላደረገው እገምታለሁ፤ የዓይናቸውንም ነገር ጭራሹን ላያውቅ ይችላል። ግምቴ ትክክል ከሆነ አንቺ የእውነትና የስሕተት ክርክር ነው ብለሽ የተጨነቅሽበት ጉዳይ ግማሹ የዓይን ጉዳይ ነው ማለት ነው፤ ለዓይን ደግሞ ብዙ ጊዜ መላ አለው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አንቺ የጠየቅሽኝ ግን ስለ እውነት ስለሆነ እሱን አልሸሽም። መምህሩ ያነበበላችሁ ትክክል ነው። ዐፄ ምኒልክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ የመስመሩን የመጀመሪያ ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር የሚያደርስ ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ከተጀመረ በኋላ ግን ከቆላው ወደ ሐረር ደጋ ሐዲድ ማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ስለከበደ መስመሩ በተራራው ሥር እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 መገባደጃ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ያ ነው ዛሬ የምትኖሩበት ከተማ። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ አቀበት ወደ ሐረር የወጣ ሰው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከሆነ ቦታ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ወዳለች ከተማ እንደሚጓዝ ሲያስብ መሐንዲሶቹን አይፈርድባቸውም።

የጋሼ አባት የነገሯቸውም ቢሆን እንዲሁ ከሜዳ የተለቀመ አይደለም። በዚያ ዘመን ባቡሩን በጥርጣሬ ያዩ መኳንንት እንደነበሩ፣ ምኒልክ ራሳቸውም ፈረንሳይ በኩባንያው በኩል እጇን በአገራቸው ውስጥ እንዳታስገባ ይሠጉ እንደነበር የታሪክ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ለዓመታት ወደፊት ሳይራመድ የቀረውም በገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በኢጣሊያ መካከል በነበረው ሽኩቻ ጭምር ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ «ከለከሉት» የሚለው ወሬ መስመሩ ስለምን ከተራራው ሥር እንዳለፈ ባይነግረንም፣ ሰዎች ያንን ብረት በምን ዓይን ይመለከቱት እንደነበር ይነግረናል። በዚያ በረንዳ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ነበሩ፤ መምህሩ የመጀመሪያውን ሲመልስ ሁለተኛውን ጥያቄ ገና ሳይሰማው «ተረት» ብሎ ዘጋው። አንቺም በልብሽ የከፋሽ እውነት ስለተነገረ አይመስለኝም፤ ጨዋታው ባጭሩ ስለተቀጨ ነው።

እዚህ ላይ መጋላ ሱቅ ያለው ጓደኛችሁ የሚያመጣቸውን የድሮ ተጓዦች አስቢያቸው። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ ከዘይላ ተነሥቶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1855 መጀመሪያ ሐረር ገብቶ የቆየው ዐሥር ቀን ገደማ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ፣ እስከ ዛሬም ስለ ከተማዋ ሲጻፍ እየተጠቀሰ ይኖራል። የዐሥር ቀን እንግዳ ያየውን በወረቀት ላይ ስላሰፈረው እንደ ምስክር ከተቀበልነው፣ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ በሐዲዱ ላይ ያሳለፉ ሰው ያዩትንና የሰሙትን ምን ብለን ልንመልሰው ነው? በርተንን ያነበበ ሰው ደግሞ ያልተሳሳተበት ቦታ የለም አይልም። ምስክርን የምንሰማው ፍጹም ስለሆነ አይደለም፤ ያየበትን ቦታና ጊዜ አውቀን ከሌላው ምስክር ጋር ልናስተያየው ነው። ለጋሼም የሚገባቸው ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ይሉኝታ የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ልጅ ሆነው በራስ መኰንን ቤት ሐረር ያደጉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት በብዛት ከትዝታቸው ነው። መጽሐፉ የታተመው እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢሆንም ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚያጠኑ ሰዎች ሳያገላብጡት አያልፉም። ባይጽፉት ኖሮ ያ ሁሉ ነገር አንድ ሰው በቡና ላይ ያወራው ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። የቅርቡንም ብናነሣ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የተጻፈው ቁጥሩና የጉዳቱ መጠን ነው፤ በዚያ ሌሊት ማን ማንን በየትኛው ጣሪያ ላይ እንዳወጣ የሚያውቁት ግን የከተማችሁ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም እስካሁን የጠየቃቸው የለም። በእውነት የሆነውን ማወቅ የምትወዱ ሰዎች ስብስብ ከሆናችሁ ጋሼ ለእናንተ ያልታተመ ምንጭ ናቸውና ብታጧቸው ጉዳቱ የእናንተ ነው።

ይህን ስል ግን ለጋሼ «የእርስዎ ትክክል ነበር» ብለሽ እንድትነግሪያቸው አልመክርሽም። ሳልዋሻቸው ማለትሽን ወድጄዋለሁ። ሰውን ለማባበል ብለን የማናምነውን ስንነግረው ክብሩን የጠበቅንለት ይመስለናል እንጂ እንደ ሕፃን እየቆጠርነው ነው፤ የምድር ባቡር ሰው ደግሞ ይህን ወዲያው ያውቃል። ለእሳቸው ማለት የምትችዪው እውነት ሌላ አለ። ቅዳሜው ያለ እሳቸው እንደጎደለ፣ አባታቸው የነገሯቸውን እስከ መጨረሻው መስማት እንደምትፈልጊና ባቡሩ ሲነሣ የሰው ስሜት ምን እንደነበር ከእሳቸው ሌላ የሚነግርሽ እንደሌለ ብትነግሪያቸው አንድም ቃል አልዋሸሽም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቤታቸው ሂጂ። በስልክ የሚፈታ ነገር አይደለም፤ «እግሬን አሞኛል» ያለ ሰው ደግሞ ቤት ድረስ ቢጠየቅ ወጉ ነው፣ ሰበቡንም ያላግባብ አትንኪበት። በሥራ ቀን ከመሸ፣ ብቻሽን ወይም ከነርሷ ጋር ሆነሽ ብትሄጂ ይሻላል፤ መምህሩን ይዘሽ መሄድ ለመጀመሪያው ቀን ይከብዳል። የዚያን ቀን ነገር አንቺ ቀድመሽ አታንሺው። እሳቸው ካነሡት አድምጫቸው እንጂ ለልጁ ጠበቃ አትሁኚ፤ እሱ ሳይልክሽም በእሱ ስም ይቅርታ አትጠይቂ። የሚያነቡት አስቸግሯቸው እንደሆነ በጨዋታ መካከል ጠይቂያቸው። በእሳቸው ዕድሜ ዓይንን የሚጋርደው ነገር ብዙ ጊዜ የዓይን ሞራ ነው፤ ይህም በቀዶ ሕክምና የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ የሚተካበት፣ በተለመደ ሕክምና የሚድን ችግር ነው። መነጽር ብቻ የጠየቀ ድካምም ሊሆን ይችላል። ከአንቺ ይልቅ ነርሷ ብታነሣው ከሙያዋ የመጣ ምክር ስለሚሆን አያሳፍራቸውም፤ ለሐኪም ቀጠሮም አብራቸው ብትሄድ የበለጠ ነው።

እስከዚያው ደግሞ የሚወዱትን መጽሐፍ ጮክ ብለሽ ብታነቢላቸውስ? በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ወይም ሌላ የሚመችሽ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ልጆችሽ ለማንበብ ከደረሱ እነሱን ብትልኪያቸው አንቺም ታርፊያለሽ፣ እነሱም ከጋሼ የሚሰሙት አይጠፋም። ከንባቡ በኋላ የሚያጫውቱሽን፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ በስልክሽ ድምፃቸውን ቅጂው ወይም በደብተር ጻፊው። መጀመሪያ የትኛው ጣቢያ ተመደቡ፣ አባታቸውስ በባቡሩ ላይ ምን ይሠሩ ነበር፣ ያንን የሐረር ታላላቆች ወሬ አባታቸው ከማን ሰሙት? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ልብ በይልኝ፤ በቡናው መካከል መጠየቅ የነበረበት እሱ ነበር።

ወደ መምህሩ ልምጣ። ባለቤትሽ ይሰናበት ማለቱ ከአንቺ ጭንቀት የመጣ ስለሆነ እረዳዋለሁ፤ ነገር ግን ስለ ልጁ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ነው፣ ብቻውን ይኖራል፣ ትንሽ ደስታው ሲጠየቅ የለኝም ይላል። ይህ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ከተማሪዎቹ ሌላ የሚያናግረው ሰው ያለው ይመስልሻል? በአዲስ ከተማ፣ እርስ በርስ ለዓመታት በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የተቀመጠ እንግዳ የሚያቀርበው የራሱ ትዝታ የለውም፤ ስለ ደንገጎ፣ ስለ መጋላ፣ ስለ ደቻቱ ሲወራ ዝም ብሎ ከመስማት በቀር ምን ይላል? በእጁ ያለው መጽሐፉ ነውና እሱን አጥብቆ ይዟል። ይህ ጥፋቱን አያጠፋለትም፤ አባትህ ከሚሆን ሰው አፍ ንግግር መንጠቅ በየትኛውም አገር ነውር ነው። ግን ብታባርሪው ምን እንዳጠፋ እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል፤ ጋሼም በእሳቸው ምክንያት ልጅ መባረሩን ሲሰሙ ለመመለስ የበለጠ ይከብዳቸዋል።

ለብቻው አናግሪው። ከቅዳሜው ስብሰባ ቀድሞ እንዲመጣ ጠይቂውና ቡናው ሲቆላ ነገሩን አንሺለት። «ያነበብከው ትክክል ነው» ብለሽ ጀምሪ፣ እውነት ነውና። ቀጥለሽም የጋሼን ዓይን ነገር፣ ለእሳቸው ክብር ስትጠነቀቂ፣ «ማንበብ እንደ በፊቱ አይሆንላቸውም» በሚል ያህል ብቻ ንገሪው። ጨዋ ልጅ ነው ብለሻልና ይህን ሲሰማ ሌላውን ራሱ ይጨርሰዋል ብዬ እገምታለሁ። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል የሚለውን አባባል የታሪክ መምህርም ይሁን የሒሳብ አላጣውም። ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ እሱን ጠይቂው እንጂ ይቅርታ ጠይቅ ብለሽ አትዘዢው። ምናልባት እኮ የማክሰኞውን ንባብ «እኔ ላንብብላቸው» ይል ይሆናል። ይህ ከመጣ ግን ከእሱ አፍ ይምጣ፣ ጋሼም ፈቃደኛ መሆናቸው ይጠየቅ።

ስለ ስብሰባው አካሄድ የምጠቁምሽ ጥቂት ነው፤ ብዙ ሕግ ማውጣት የበረንዳ ጨዋታን ወደ ቀበሌ ስብሰባ ይለውጠዋል። ትንሹን ደስታ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ አምጪው። ነርሷ «ትንሽ ነገር ናት፣ ትቅር» ያለችው ዓመተ ምሕረት፣ ገጽና ክርክር ከተደረደሩ በኋላ ተራው ስለደረሳት ሊሆን ይችላል፤ በአቦሉ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም ገና አላረጋገጠም፣ አላሸነፈምም። ሁለተኛው፣ ሰው ሁሉ ያመጣውን ነገር ከየት እንዳገኘው አብሮ ይናገር። «ከዚህ መጽሐፍ አነበብኩ»፣ «አባቴ ነግሮኝ ነው»፣ «በዓይኔ አይቼ ነው» መባሉ ብቻውን ብዙ ጠብ ይከላከላል፤ ምንጩ ከታወቀ «ተረት ነው» ለማለት የሚቸኩል ሰው አይኖርምና። ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ደግሞ «ይህን ለሚቀጥለው ሳምንት እንፈልገው» ይበል፤ መጽሐፉም፣ ሽማግሌውም እስከዚያ ይጠየቃሉ። መምህሩ የፍለጋውን ሥራ ቢወስድ ጠንቃቃነቱ ለሁላችሁም የሚበጅ ይሆናል። ባለ ሱቁን ግን ለጊዜው ተዪው፤ አድማጭ ነኝ ያለ ሰው ነገሩ ሲረጋጋ ራሱ ይናገራል።

አንድ ሐሳብ ጨምሬ ልለፍ። ሁላችሁም የምትመቹበት ቀን ካገኛችሁ ወደ ሐረር ወጣ በሉ። በጀጎል ውስጥ፣ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው ሙዚየም አብዱላሂ ሸሪፍ ለረጅም ዘመን በግል ጥረታቸው ያሰባሰቧቸውን የእጅ ጽሑፎችና የድሮ ሳንቲሞች ይዟል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በየቤቱ ተቀምጠው የነበሩ ናቸው። እዚያ ስትቆሙ መምህሩም ጋሼም እኩል እንግዳ ናቸው፣ የሚያስረዳቸውም ሌላ ሰው ነው። በመንገድ ላይ ደግሞ ያን የደንገጎ አቀበት አብረው ያዩታል፤ ስለ ሐዲዱ ማን ምን እንደሚል በዚያ ሰዓት ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ስብሰባውን ልዝጋው ላልሽኝ፣ አሁን አትዝጊው። ሰው ሲከፋው የተዘጋ በር መልሶ መክፈት ይከብዳል። ከከበደሽ አንድ ሁለት ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ ብለሽ ማሳረፍ ትችያለሽ፤ በዚያ መካከል ጋሼንም መምህሩንም ለየብቻ ታገኛቸዋለሽ።

ደግሞ አንቺስ? የነርሷን፣ የባለ ሱቁን፣ የጋሼን፣ የመምህሩንም ሳይቀር ንባብና ደስታ ጻፍሽልኝ፤ አንቺ በእነዚህ ሳምንታት ምን እንዳነበብሽና ምን ደስ እንዳለሽ ግን በደብዳቤው ውስጥ አላገኘሁም። ቡና ስትቆዪ፣ ስትቀጂ፣ የሰው ፊት ስታነቢ ተራሽ እያለፈሽ ይሆን? ለአንድ ቅዳሜ ቡናውን ነርሷ ወይም መምህሩ ያፍላውና አንቺ ከተቀመጡት ጋር ተቀመጪ። መጀመሪያ የምትናገሪውም አንቺ ሁኚ፤ ትንሽ ነገር ይሁን፣ ያልተረጋገጠም ይሁን፣ አስተናጋጇ እንዲህ ስትጀምር የቀሩት ይደፍራሉ።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ጋሼ ቅዳሜ ላይመጡ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ አንድ ቅዳሜ ቡናው እሳቸው ቤት ቢፈላ ፈቃዳቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ጀበናውንና ስኒውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ቤተሰባቸውንም አታስቸግሩም። እሺ ካሉ መምህሩ ቀድሞ ገብቶ ሰላም ይበላቸው። እምቢ ካሉ ግን አትጫኛቸው፤ የማክሰኞውን ንባብ ብቻ ሳታቋርጪ ቀጥዪላቸው፣ የሚያጫውቱሽንም መጻፍሽን አትተዪ።